ልጅ ስለ እግዚአብሔር ያልታሰበ ነገር ሲናገር፦ ትልልቅ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አስተምራለሁ። የእኔ ድርሻ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያሉት ናቸው። ቲቸር ይሉኛል፤ ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ልማድ ነው፣ ተውኩት። እነዚህ ልጆች የማይጠይቁት የለም። «እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ካረፈ በስምንተኛው ምን ሠራ?» «ገብርኤል የእሳት አደጋ መኪና አለው?» «ጃን ሜዳ ላይ ሌሎቹ ታቦቶች ሲመለሱ ሚካኤል ለምን እዚያው ያድራል? እናቱ አትቆጣውም?» ይህን የመጨረሻውን የጠየቀው ልጅ የጥምቀትን በዓል ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው ያሳለፈው። ማን እንደገባ፣ ማን እንደቀረ ተከታትሏል።

ልጆቹ ጋ ችግር የለም። ይህን የምጽፈው ለወላጅ፣ ለአያት፣ ለአጎትና ለአክስት፣ ለክርስትና አባትና እናት ነው። ልጁ አንድ ነገር ይናገራል። ትልቁ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ያደርጋል። የሚያደርገው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ያንኑ ማየት ስለሰለቸኝ አንድ በአንድ ልዘርዝረው።

«ድገሚው! እስቲ ድገሚው!»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

በፍልሰታ ነበር። ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ትንሹም ትልቁም ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ይቆማል፣ ይቆርባል። አንዲት አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ቆርባ፣ ጸበሏን ጠጥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ሌላ ጊዜ ያንን ደረጃ ዘላ ነው የምትወርደው። ያን ቀን ግን አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። አንድ እግሯን አወረደች፣ ሌላውን አመጣችና አጠገቡ አስቀመጠች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ደግሞ ወደሚቀጥለው። እናቷ ደንግጣ «ሆድሽን አመመሽ?» አለቻት። ልጅቷ ነጠላውን ከአፏ ሳታነሣ «አይ፣ ኢየሱስን እንዳላናውጠው ነው» አለች።

ስለ ቅዱስ ቁርባን ክብር ሁልጊዜ እናስተምራለን። ከቆረባችሁ በኋላ አትሩጡ፣ አትትፉ፣ ተጠንቀቁ እንላለን። ያቺ ልጅ ሰምታን ነበር። የሰማችውን እስከ እግሯ ድረስ አውርዳዋለች።

አጎቷ ሳቀ። መሳቁ አይደለም ክፋቱ፤ ያስቃል፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ክፋቱ ስልኩን ያወጣ ጊዜ ነው። «የኔ ማር፣ እስቲ ተመለሽና እንደዚያ አድርገሽ ውረጂ። ምን ነበር ያልሽው? ጮክ በይ፣ አልተሰማም!» ልጅቷ ተመልሳ ወጣች። ወረደች። ደገመችው። ፀሐይ ስለመታው እንደገና ውጪ ተባለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወርድ ዓይኗ ደረጃው ላይ አልነበረም፣ ስልኩ ላይ ነበር። እጇን ሆዷ ላይ ያደረገችውም እንዲታይላት ነው። ወገቧን ትንሽ እያወዛወዘች ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ቆርባ ስትወጣ መጀመሪያ የፈለገችው አጎቷን ነው። «ዛሬስ አትቀርጸኝም?» አለችው።

ይኼን ነው የምለው! አንድ ሕፃን ከአምላኩ ጋር የነበረው የራሱ ጉዳይ፣ በአንድ ቀን ለተመልካች የሚሠራ ነገር ሆነ። ማንም ክፉ አላሰበም። አጎትየው ልጅቷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት። ግን ቲክቶክ ላይ ለማያውቃት ሕዝብ ከመስጠቱ በፊት ማንን ጠየቀ? ልጅቷ ዛሬ አራት ዓመቷ ነው፤ ነገ አሥራ አራት ይሆናታል። ያን ቪዲዮ የክፍል ጓደኞቿ ያገኙት ዕለት ምን ትሁን? የተወሰደ ነገር ከእዚያ ቦታ ደግሞ አይመለስም፤ እናንተ ብታጠፉት ሌላው አስቀምጦታል።

ስልክ ባይኖርም ያው ነው። የወሩ 12 የሚካኤል ማኅበር በቤት ደርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ እንግዳው ሞልቶ ሳለ፣ «ነይ እስቲ፣ ያን ያልሽውን ለአባ ንገሪያቸው» ይባላል። ልጅቷ በእናቷ ቀሚስ ትሸሸጋለች። «ንገሪያቸው እንጂ፣ ምነው አፈርሽ?» ትባላለች። ትናገራለች፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷ ግን የሳቁበትን ነገር አላወቀችውም። ቀልድ አልተናገረችም ነበራ! የምታምነውን ነው የተናገረችው። ከዚያ በኋላ ልጅ ሁለት መንገድ አለው። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ለማሳቅ መናገር ይጀምራል። ሁለቱንም ዓይነት ክፍሌ ውስጥ አውቃቸዋለሁ። ለማሳቅ የሚናገረው ልጅ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን አይጠብቅም፤ የሰውን ፊት ነው የሚያየው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ደብተር ግዙ። ቀኑን ጻፉ፣ ልጁ ያለውን ሳታሳምሩ እንዳለው ጻፉት። ማታ ሲተኛ ለባላችሁ ወይ ለሚስታችሁ ንገሩና እስኪበቃችሁ ሳቁ። ልጁ ሲያድግ ደብተሩን ለራሱ ስጡት። ለሰው ማሳየት ከፈለገ እሱ ያሳይ።

«እግዚአብሔር ይቆጣሃል፣ ምላስህ ይቆረጣል»

አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር የሥላሴን ሥዕል ሲያይ ቆይቶ «ታላቃቸው የትኛው ነው?» አለ። በእኛ ሥዕል ሥላሴ ሦስት ባለ ነጭ ጺም ሽማግሎች ሆነው ይሣላሉ። ሦስት አያቶች የተቀመጡ የመሰለው ልጅ ታላቁን ቢጠይቅ ምን ይደንቃል? እኛ አገር ቤት ውስጥ መጀመሪያ ሰላም የሚባለው ታላቁ አይደለም እንዴ? አያትየው ግን ደነገጡ። አማትበው «ዝም በል! እንዲህ ያለው ምላሱ ይቆረጣል!» አሉት።

ልጁ ክፍል ሲመጣ አፉን በእጁ ይዞ መጣ። መዝሙር ስንዘምር መዳፉን ከአፉ አላነሣም። ምን ሆነህ ብለው አይናገርም። ነገሩን ያወቅነው እናቱ ስትነግረን ነው። ሌሊት እየተነሣ ምላሱን በጣቱ ይነካካ ነበር፣ መኖሩን ሊያረጋግጥ።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ልጆች እስከ ሰባት ዓመት ገደማ የሚያስቡት በሚያዩትና በሚዳስሱት ነገር መሆኑን ጽፏል። ለእኛ ማስፈራሪያ የሆነው ቃል ለልጁ መቀስ ነው። አያቶች ቢያንስ ይህን ይያዙልኝ። እናንተ ስትሉት ለአፋችሁ ነው፣ ልጁ ግን የነገራችሁትን ነገር ያየዋል።

መልሱ ደግሞ እንዴት ቀላል ነበር! «ታላቅና ታናሽ የለም፣ ሦስቱም እኩል ናቸው። አንድ አምላክ ናቸው። ሠዓሊውም ለዚህ ነው መልካቸውን አንድ ዓይነት ያደረገው።» አለቀ። ልጁ ተመልሶ ሥዕሉን ያያል፣ ጺማቸውን ያስተያያል፣ «እውነትም» ይላል። ሥዕል ላይ የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ስጦታ ነው። አንዷ «ይኼ ሰውዬ ሌላኛው ዓይኑ የት ሄደ?» ብላኛለች። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ክፉዎቹ በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ስንት ትልቅ ሰው በዚያ ሥዕል ፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲሳለም ኖሮ ይህን ልብ አላለም።

ጥያቄ ድፍረት ነው የሚል ካለ ሉቃስ 2ን ያንብብ። ጌታ በአሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ነው።

ቁንጥጫ

«አባ፣ እማዬ እኮ እርስዎ ሲመጡ ብቻ ነው ነጠላ የምትለብሰው።»

ይህን ያለው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። የንስሐ አባታቸው ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጥተው፣ ቡና ተፈልቶ፣ እኔም ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። እናትየው ሳቀች። ስትስቅ ግን እጇ ከነጠላው ሥር ሄዶ የልጁን ጭን አገኘ። ልጁ አልጮኸም። ቁንጥጫውን ስለሚያውቀው ከንፈሩን ነክሶ ያዘ፣ ዓይኑ ብቻ እንባ አቀረረ። አባ አይተዋል። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እኔም ቤቴ ስገባ ጥምጣሜን አወልቃለሁ፣ ልጄ» አሉት። ልጁ ጭኑን እያሻሸ «ከዚያስ ራስዎን አይበርድዎትም?» አለ። ወሬው በዚያው ሄደ።

እሑድ «በሐሰት አትመስክር» ብዬ አስተምሬዋለሁ። በሳምንቱ መካከል እውነት መስክሮ ተቆነጠጠ። ከሁለቱ የትኛውን የሚያስታውስ ይመስላችኋል?

ልጆች ያጋልጣሉ። በጾም እንቁላል የበላውን አባት፣ ቅዳሴ ሳያልቅ ወጥቶ ፒያሳ ማኪያቶ የጠጣውን አጎት፣ ስዕለት ተስላ የረሳችውን አክስት፣ ሁሉንም። ያኔ የሚያዋጣው «ልክ ነህ» ብሎ ማለፍ ነው። የቤት ጉዳይ ለውጭ ሰው እንደማይወራ ማስተማር ከፈለጋችሁ እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ በሰላም። እውነቱን በተናገረበት ደቂቃ አይሆንም።

«አያትህ ተኝታለች»

ይኼን በልቅሶ ቤት ሁሉ እሰማዋለሁ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰዉ ያለቅሳል፣ ልጁ «አያቴስ?» ሲል «ተኝታለች» ይባላል። ከዚያ በሳምንቱ አልተኛም ብሎ ቤተሰቡን ያሰቃያል፣ ማንም ምክንያቱን አያውቅም። «ሩቅ አገር ሄዳለች»ም ያው ነው። ልጁ ስልክ ደውሉላት ይላል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሃይማኖተኛ ቤት ውስጥ የሚባለው ነው። «እግዚአብሔር በጣም ስለወደዳት ወሰዳት።» ለትልቅ ሰው ማጽናኛ ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ግን ይህን ከሰማች በኋላ ማታ ስትጸልይ «እኔን ትንሽ ትንሽ ብቻ ውደደኝ» ብላ ጸለየች። ሰው ሰምቶ ሳቀ። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ አይሳቅም። ልጅቷ ለሕይወቷ ነው የለመነችው።

የሚባለው ይኼ ነው፦ «አያትሽ ሞተች። ሰውነቷ ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም፣ አይበላም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ነፍሷ እግዚአብሔር ዘንድ ናት። ትንሣኤ ሙታን ሲሆን እንደምንገናኝ እናምናለን። አርጅታ ታማ ነው የሞተችው፣ እግዚአብሔር ስለወደዳት አይደለም፤ እሱ በሕይወት ያሉትንም ይወዳል። እኔ እዚሁ አጠገብሽ ነኝ።» ማልቀስ ካማራችሁ ከልጁ ጋር አልቅሱ። ነገ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቅ ያንኑ መልስ ደግማችሁ ስጡት። አርባው እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ ይጠይቃል።

ስብከት መጀመር

የጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ የሚሰጠው አንድ ጉባኤ ነው። ጥሩ የተማረ አባት አውቃለሁ፣ ልጁ «እግዚአብሔር የት ነው የሚተኛው?» ብትለው አካል፣ ባሕርይ፣ ግብር ብሎ ጀመረ። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማችው። ሲጨርስ «እሺ፣ ግን ብርድ ልብስ አለው?» አለች።

አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ይደርሳሉ፣ ልጆቻችሁ የትም አይሄዱም። ለዚህ ጥያቄ «እግዚአብሔር አይደክመውም፣ ስለዚህ አይተኛም፤ አንቺ ስትተኚ ይጠብቅሻል» በቂ ነው። ዳዊትም በመዝሙሩ ያለው ይኸንኑ ነው። ልጅቷ ተጨማሪ ከፈለገች ራሷ ትጠይቃለች። ካልጠየቀች በቅቷታል ማለት ነው።

ግራ ሲገባችሁ መልሱን ከመስጠታችሁ በፊት «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» በሏት። ብዙ ጊዜ ልጁ የጠየቀው እናንተ የሰማችሁትን አይደለም። ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው ሲገቡ አይቶ «አባዬና እማዬ ለምን በተለያየ በር ገቡ?» ያለ ልጅ ነበረን። ሥርዓቱን ላስረዳው ስል «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አልኩት። «ተጣልተው» አለኝ፤ ጠዋት ቤት ውስጥ ተጣልተው ነበር። ስለ በሩ ባስረዳው ኖሮ በልቡ የያዘውን አልሰማም ነበር።

እንደ ትንቢት መቁጠር

ሕፃን ንጹሕ ነው፣ አዎ። ነቢይ ግን አይደለም። አንዲት ልጅ ጎረቤቷን «ሆድሽ ውስጥ ልጅ አለ» አለቻት፤ እውነትም ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በኋላ ግቢው በሙሉ ልጅቷን ይዞ «ዲቪ ይደርሰኛል?» «ወንድሜ ከውጭ መቼ ይመጣል?» እያለ ያስጨንቃት ጀመር። ልጅቷ የአራት ዓመት ናት! የሴትዮዋ ሆድ ገፋ ሲል አይታ ነው የተናገረችው። በሌላ በኩል ደግሞ ልጁ «አያቴ ትሞታለች» ስላለ ደንግጠው ክፉ መንፈስ ተናገረው ብለው ሲያስጨንቁት ያየሁት ቤት አለ። አያትየው ታመው ተኝተዋል፣ ትልልቆቹ በሩ ላይ ሆነው «አይተርፉም» እያሉ ነበር። ልጁ የሰማውን ነው የተናገረው።

«ሕፃን ነው፣ አይገባውም» ብሎ ከፊቱ ማማት

አይደረግም። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ብላችሁ በየቀኑ የምትጠሩት ስም የሦስት ዓመት ሕፃን ስም ነው። በገድሉ እንደሚነገረው የሚፈላውን ውኃ አይታ እናቱ ኢየሉጣ በፈራች ጊዜ ያበረታት እሱ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 19 ይህን እያከበርን ስለ ንስሐ አባቱ፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ገዛ አባቱ የማይሰማ ነገር በልጅ ፊት እናወራለን። ልጁ እሑድ ይዞልን ይመጣል። እኔ ስለየቤታችሁ የማውቀው ነገር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

በጎረቤት ሃይማኖት ላይ ማሳቅ

በ2016 ዓ.ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ጀመሩ፣ መጋቢት 2 ቀን። ፒያሳ አካባቢ ከሙስሊም ጓደኛው ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር ልጅ በዚያ ሰሞን ትልቅ መፍትሔ ይዞ መጣ። «እሱ ውኃ አይጠጣም፣ እኔ ወተት አልጠጣም። ስለዚህ የእሱን ውኃ እኔ እጠጣለታለሁ፣ የእኔን ወተት እሱ ይጠጣልኛል። እንዳይባክን።» ይህ ልጅ ጎረቤቱን የሚወድ ልጅ ነው፣ አሳቡ ሁሉ ከጓደኛው ጋር ስለመካፈል ነው። እዚህ ላይ «የእኛ ነው ትክክለኛው ጾም፣ የእነሱ ምን ጾም ነው» የሚል አስተያየት የጨመረ ሰው ነበር። ልጁን እስከዚያ ቀን ድረስ ያላወቀውን ነገር አስተማረው።

መልሱ፦ «እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወተትም አይጠጣም። ሲያፈጥር አብረኸው ተምር ትበላለህ።» ተምር የጾም ነው፣ ምንም ችግር የለውም።

ጸሎቱን ማረም

ልጁ ብስክሌት ለመነ? ይለምን። ስለ ጠፋው የድመት ግልገል ጸለየ? አሜን በሉ። «መብራቱን መልስልን» ብሎ ወዲያው መብራት ቢመጣና እልል ቢል አብራችሁ እልል በሉ። የጸሎቱን ቃል ማስተካከል የሚፈልግ አቡነ ዘበሰማያትን ለብቻ ያስጠና፣ ልጁ በራሱ ቃል የሚጸልየውን ግን አይንካ።

ከእህቱ ወይም ከወንድሙ ጋር ማወዳደርም እንዲሁ፦ «እሷ እንዲህ ብላ ነበር፣ አንተ ግን ምንም አትልም።» ዝም የሚል ልጅ ምንም አልጎደለውም።

የትልልቁን ሐዘን ስለነካ ዝም ማሰኘት

ካዛንችስ ፈርሶ ነዋሪው ሲነሣ ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዱ። አንዳንዶቹ አሁንም እሑድ እሑድ በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። ከእነሱ አንዱ ዕቃ እየተጫነ ሳለ እናቱን «ጠባቂ መልአኬ አዲሱን ቤት ያውቀዋል? ማን ይነግረዋል?» ሲላት ልቧ ተሰብሮ ስለነበር «ዝም በልና ግባ!» አለችው። አልፈርድባትም፤ የተወለደችበትን ቤት ነው ትታ የምትሄደው። ልጁ ግን በአዲሱ ቤት ብዙ ሌሊት መስኮቱን ክፍት አድርጉልኝ እያለ አስቸገረ። ብርድ ነው፣ ወባ ትንኝ ይገባል ቢባል እምቢ አለ። መልአኩ ዘግይቶ ከመጣ ደጅ እንዳያድር ነበር።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲመጣ ጓዙን ማስቀመጥና ቁጭ ማለት ነው። «መልአክ የሚጠብቀው ቤቱን አይደለም፣ አንተን ነው። አሁን መኪናው ላይ አብሮህ ይወጣል።» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በቅዳሴ መካከል ማፍጠጥ

ልጅ በጸጥታው መካከል «መቼ ነው የሚያልቀው?» ማለቱ የማይቀር ነው። ቅዳሴው ረጅም ነው። ዓይን ከማፍጠጥ ይልቅ እጁን ይዛችሁ ወደ ግቢው ውጡ፣ ዛፍ ሥር ትንሽ አረፍ አድርጋችሁት ተመለሱ። አጠገባችሁ ቆመው «ልጅ አስይዙ እንጂ!» የሚሉት እናት ደግሞ እባክዎ ይታገሡ። ልጆቹም በሕፃንነታቸው ክርስትና ተነሥተዋል፣ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ቤቱ የእነሱም ነው።

የማያውቁትን መልስ መፍጠር

«አላውቅም» ማለት የሚያሳፍር የሚመስላቸው ወላጆች ለልጁ ከራሳቸው ፈጥረው ይነግሩታል። ልጁ ያን ይዞ ክፍል ይመጣል፣ እኔ ማፍረስ ይሆንብኛል፣ ከዚያ ልጁ የትኛችንን ይመን? «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» ሙሉ መልስ ነው።

ሆሣዕና ሰሞን አንድ ልጅ «አህያዋ ከዚያ በኋላ የት ሄደች?» አለ። አላውቅም አልኩት። አባ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። አባ ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አድርገው «ይኼን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ። «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ሲሉት ልጁ «ወደ ባለቤቷ ተመልሳለች፤ ተውሰዋት ነበራ» አላቸው። ትክክል ነው፣ ደቀ መዛሙርቱ ከታሰረችበት ፈትተው ለጌታ ታስፈልገዋለች ብለው ነው የወሰዷት። አባ በሳቅ ሳይሆን በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁለት። ልጁ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ይዞ መጣ፦ «ኖኅ ዝንቦቹን ለምን አስገባቸው?» እሱንም አላውቅም። አባ ከክፍለ ሀገር ሲመለሱ እንጠይቃለን።